ይድረስ ለክቡር ፌስታል፣ ሐዋሳ ሐይቅ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ልል ነበር፤ ግን መቼ ለመናፈቅ ፋታ ሰጡኝ? ባለፈው እሁድ እንኳ አሞራ ገደል ፊት ለፊት ተገናኝተናል። የጀልባ ሞተር ላይ ተደፍቼ በቢላ ስቆራርጥዎት የነበርኩት ሰውዬ ነኝ።

አመጣጥዎን አውቃለሁ። ክረምት ሲገባ ከከተማው ቦይ ጎርፍ ጋር ይወርዳሉ። ሐይቁ ደግሞ ለእርስዎ የተሠራ ይመስላል። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባ እዚያው ይከርማል።

በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶብዎት ነበር። ውፍረትዎ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆነና የማይበሰብሱ ከሆኑ እንዳይመረቱ፣ ከውጭም እንዳይገቡ ተባለ። እርስዎ በዚያው ቅጥነትዎ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ኖሩ። 2017 ላይ ደግሞ ጭራሽ የሚያግድዎት አዋጅ ጸደቀ። ያኔ ደንግጠው ሐይቅ ውስጥ የተደበቁ ይመስለኛል።

ለመሆኑ የእኔን ሥራ ያውቁታል? የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚቀዘቅዘው ሐይቁን እየጠጣ ነው። እግሩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ውሃ ይስባል፤ ውስጥ ያለች ባለ ክንፍ ጎማ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ሞተሩን ዞሮ ከኋላ በቀጭኑ ይወርዳል። እኔ ሽንቱ እለዋለሁ፤ ይቅርታ። ሽንቱ ከወረደ ሰላም ነው። ከቆመ ሞተሩን ያኔውኑ ማጥፋት ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ሐይቅ ትተው የሚለጠፉት የት ነው? ቀዳዳው ላይ!

እሁድ ከኋላዬ በገመድ የታሰረ፣ በአየር የተነፋ ትልቅ ጎማ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ተኝተውበት ይጮሃሉ። ጀልባው ላይ ሚዜዎች ይጨፍራሉ። እዚህ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሬ ድሮም ትንሽ ይደክመዋል። ሰው ሲጎትት ያለ የሌለ ኃይሉን ያወጣል። እርስዎም ያችን ሰዓት መረጡ። ከሙዚቃው የተነሳ የማስጠንቀቂያውን ጩኸት አልሰማሁም። ዘወር ብዬ ሳይ ሽንት የለም። ያቺ ባለ ክንፍ ጎማ ያለ ውሃ ስትዞር ቆይታ ክንፎቿ ተበጣጥሰዋል።

እዚህ ላይ አንቱታው ይብቃ። አንተ ንፋስ የሚነዳህ! ሽንኩርት ሲገዛ በምርቃት የምትሰጥ!

ጎረምሶቹ ጩኸታቸውን አቁመው “ጉማሬ አለ እንዴ?” ይሉኛል። አለ። ግን ምን ብዬ ልመልስ? በመጨረሻ አንድ ዓሣ አጥማጅ በመቅዘፊያ ጎትቶ አወጣን። ሰው እጎትታለሁ ብላ የምትፎክር ጀልባ በእንጨት ጀልባ ስትጎተት፣ ዳር ላይ ያለው አባ ኮዳ የተባለ ወፍ ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየኝ።

በዚያ ብታበቃ ምን ነበረበት? ጀልባዋን ከውሃ የምታወጣ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችኝ። የነዳጅ ክዳኗ ከጠፋ ቆየ። በክዳኑ ቦታ ማን ተወተፈ? አንተ። ጀልባ አስጎትቼ ዳገቱ እኩል ላይ ስደርስ ትጠፋለች። ትንሽ ቆይቼ ሳስነሳት ትነሳለች። መቶ ሜትር ሄዳ ደግሞ ቀጥ! መካኒኩ ፊልትሮ ቀየረ። ፖምፓ ቀየረ። የእኔም መልክ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን ታንከሩ ሲወርድ ቁራጭህ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ሞተሩ ነዳጅ ሲስብ የቱቦው አፍ ላይ ትለጠፋለች፤ ሲጠፋ ትለቃለች። ሐይቅ ውስጥ የለመድከውን ታንከር ውስጥ ደገምከው ማለት ነው።

ጀልባዋ የምትጫንበት ተጎታች ጎማ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ነገርማ አታንሳብኝ። ረዳቴ ውሃ እንዳይገባ ብሎ በአንተ ጠቀለለው። የገባውን ውሃ አላስወጣ ብለህ ግራሶው ማኪያቶ መሰለ። ልጁ ላይ መፍረድ አልችልም፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከመንገድ የመጣ ኩሽኔታ ትኩስ ነው፤ እንደተጋለ ሐይቅ ሲገባ ድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዳር ላይ አቁሞ እስኪበርድ ቡና መጠጣት ነበር። እኛ ደግሞ ሁልጊዜ ደንበኛ እየጠበቀን ነው።

ትናንት አዲሷ ባለ ክንፍ የጀልባ ሞተር ጎማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከችልኝ። መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። በምን ተጠቅልላ እንደመጣች ልንገርህ? በጥቁር ፌስታል። ያውም በድርቡ!

ፈትቼ ቦዩ ውስጥ ልወረውርህ እጄን አነሳሁ። ወዲያው ፒክአፗ ትዝ አለችኝ። አራገፍኩህ፣ አጣጠፍኩህ፣ ኪሴ ከተትኩህ።

ክቡር ሆይ፣ ስለ ቅድሙ ስድብ ይቅርታ። ክዳን እስክገዛ ብቻ ነው።

አክባሪዎ፣
ባለ ጀልባው