አካፋውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አፈሩን ግን ተዉት

ወደ ሌላ አገር ጠቅልሎ የሚሄድ ሰው ስለ አልጋው፣ ስለ መጻሕፍቱና ስለ ወጥ ቤቱ ዕቃ ቀደም ብሎ ያስባል። የጓሮው ዕቃ የሚታወሰው መጨረሻ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው አንዱ ሄዶ የጓሮውን መጋዘን ይከፍታል። አካፋ፣ ዶማ፣ መግረዣ መቀስ፣ የውሃ ጎማ፣ ሣር ማጨጃ ማሽን፣ ተጀምሮ የቀረ የማዳበሪያ ከረጢት። «ቦታ አለ አይደል? ይግባ» ይባላል። ሁሉም እንዳለ ይገባል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ዓይነት ምክር እሰማለሁ። አንደኛው «ሁሉንም ሽጡ፣ እዚያ አዲስ ግዙ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኮንቴይነሩ ካልሞላ ጫኑት፣ ምን ይጎዳል» ይላል። የመጀመሪያው ገንዘብ ያሰላል፣ ሁለተኛው ቦታ። ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱ ይመስለኛል።

እኔ የምለው፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ሁለት ጥያቄ ይነሳ። ይህ መሣሪያ እጄን ለምዷል ወይ? አፈሩስ ከላዩ ሙሉ በሙሉ ሊለቅ ይችላል ወይ? ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ይሂድ። ለአንዱ እንኳ አይ ከሆነ እዚያው ይቅር።

ከእጅ መሣሪያ ልጀምር። ጥሩ አካፋ በደንብ ከተያዘ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እጀታው ከቁመታችሁ ጋር ከተመጣጠነ ወገባችሁን ያሳርፋል። ስለቱን በሞረድ እየሳላችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የተገዛው ዓይነት አካፋ አይደለም፤ በእናንተ አሠራር ልክ ተሞርዷል። ስለቱና ስፕሪንጉ የሚቀየር መግረዣ መቀስም እንደዚያው ነው። የእጅ ስፋት ከሰው ሰው ይለያያል፤ የሚስማማ መቀስ ያገኘ ሰው በቀላሉ ሌላ አያገኝም።

አዲስ አገር የገባ ሰው ብዙ ነገር ከዜሮ ይጀምራል። ሕጉ አዲስ ነው፣ ጎረቤቱ አዲስ ነው፣ አፈሩም አዲስ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡባዊው ንፍቀ ክበብ ከሄደማ ወቅቱ ራሱ ተገልብጦ ይጠብቀዋል፤ ሲዘራበት የኖረው ወር እዚያ ቅጠል የሚረግፍበት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል እጁ የሚያውቀው አንድ መሣሪያ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ስሜታዊነት ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። አዲስ ቦታን መልመድ በጭንቅላት ብቻ አይደለም፣ በእጅም ነው።

ደግሞም ቦታ አይፈጁም። በባሕር የሚጓዝ የቤት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልበት በሚይዘው ቦታ ነው፣ በኪዩቢክ ሜትር። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 33 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ነው። አምስት ስድስት የእጅ መሣሪያ አንድ ላይ ታስሮ ከሶፋ ጀርባ ይገባል። የእጅ ጋሪ ግን አብዛኛው አየር ነው፤ ለአየር ደግሞ መክፈል የለባችሁም። ትልልቅ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫዎችንም ተዉአቸው። በመንገድ ይሰበራሉ። ሸክላ እርጥበት ስለሚጠጣም ግድግዳው ውስጥ የገባውን አጥቦ መጨረስ ከባድ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ሰው በጣም የሚያቃልለው ይህንን ነው።

ድንችን የሚያጠቃ ኔማቶድ የሚባል ደቂቅ ትል አለ። ሴቷ ስትሞት ሰውነቷ ይደርቅና እንቁላሎቿን የሚጠብቅ ከረጢት ይሆናል። የከረጢቱ መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎች ይዞ አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ መሬት ላይ ድንች ባይተከልም እንኳ። ዶማ ላይ የደረቀች አንዲት የጭቃ ቅርፊት ይህን ልትሸከም ትችላለች። ባለቤቱ የሚያየው ግን ጭቃ ብቻ ነው።

ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ ፋይቶፍቶራ ሲናሞሚ የሚባል፣ ፈንገስ የሚመስል ተሕዋሲ አለ። የዛፍና የቁጥቋጦ ሥር ያበሰብሳል። ከውጭ የገባ ነው፤ ዛሬ የአገሩን ጫካ ሰፊ ክፍል ይዟል። ከቦታ ቦታ ዋነኛ ማጓጓዣው በጫማ፣ በመኪና ጎማና በመሣሪያ ላይ የሚጣበቅ አፈር ነው። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ የእግር መንገዶች መግቢያ ላይ የጫማ መጥረጊያ ተተክሏል። አንድ ጊዜ የገባበትን ጫካ መልሶ ማጽዳት የሚቻልበት መንገድ እስካሁን የለም።

አፈር ባይኖርም ችግር አለ። ስፖንጂ ሞዝ የሚባለውን የእሳት ራት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1868 ወይም 1869 ኤትየን ሊዮፖልድ ትሩቬሎ የተባለ ፈረንሳዊ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ አመጣው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜድፎርድ በሚባል ከተማ ከቤቱ አመለጠው። እስከ ዛሬ የአሜሪካን ጫካ ቅጠል ይበላል። የዚህ የአውሮፓው ዝርያ ሴት አትበርም። እንቁላሏን ባገኘችው ነገር ላይ ትለጥፋለች፤ የዛፍ ግንድ ላይ፣ የጓሮ ወንበር ሥር፣ የእጅ ጋሪ ሆድ ላይ። ከዚያ ሰው ቤት ሲቀይር ይዟት ይሄዳል። ለዚህ ነው አሜሪካ ውስጥ ነፍሳቱ ካለበት አካባቢ ወደሌለበት የሚዛወር ቤተሰብ የውጭ ዕቃውን እንዲመረምር በሕግ የሚገደደው። እንግዲህ ይህ በአንድ አገር ውስጥ ነው። ባሕር ተሻግሮ ሲሆን ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ስለዚህ ወደብ ላይ ያለው መርማሪ አካፋውን ገልብጦ በባትሪ ሲያይ ከእሱ ጋር ነኝ። «ለአንዲት ጭቃ ይህን ያህል?» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ አለ። ጭቃዋ ትንሽ ናት፤ ጉዳቱ ግን የሚወድቀው ምንም ጥፋት በሌለበት ገበሬ ላይ ነው። ኒውዚላንድ በ1993፣ አውስትራሊያ በ2015 የወጡ የባዮሴኪዩሪቲ ሕጎች፣ ማለትም ተባይና በሽታ ከውጭ እንዳይገባ የሚከላከሉ ሕጎች አሏቸው። ያገለገለ የአትክልት መሣሪያ ለመርማሪዎች መገለጽ አለበት፤ ንጹሕ መሆንም አለበት። ቆሽሾ ከተገኘ ይታጠባል፣ ወይም በመድኃኒት ይታከማል፣ ወይም ተመልሶ ይላካል፣ ወይም ይወገዳል። ወጪውን የሚከፍለው ባለ ዕቃው ነው። ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ ከአብዛኞቹ የውጭ አገሮች አፈር እንዳይገባ ይከለክላል። በዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት ሥርም ስላገለገሉ ማሽኖችና መሣሪያዎች ብቻ የሚናገር መመሪያ ከ2017 ጀምሮ አለ።

ማጽዳቱ እንዴት ነው? አጥቦ ማድረቅ ብቻ አይበቃም። መግረዣ መቀስን እንይ። ላዩ ያብረቀርቃል። መሐል ያለውን ብሎን ፈታችሁ ሁለቱን ስለቶች ስትለያዩ ግን ጥቁር ሙጫ ታገኛላችሁ፤ የዛፍ ወተት፣ የቅጠል ብናኝና አፈር ተቀላቅሎ የደረቀ። ስፕሪንጉ ውስጥም አለ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ አድርቁት፣ ቀጭን ዘይት ቀቡና መልሳችሁ ግጠሙት። አካፋ ላይ ደግሞ መታየት ያለበት እጀታው ብረቱ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፤ በክፍተቱ አፈር ይገባል። ሚስማሩን ወይም ብሎኑን አውጥታችሁ እጀታውን ነቅላችሁ እዩ። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ወይም ነፍሳት የበሳው ቀዳዳ ካለበት እጀታውን ተዉት፣ ብረቱን ብቻ ያዙ። እጀታ እዚያም ይገኛል። ደህና ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋችሁ የተልባ ዘይት አጠጡት። ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን አጨማዳችሁ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

አንድ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። የታጠበውን መሣሪያ ሣር ላይ አታስጡት። የሣር ዘርና ጭቃ እንደገና ይይዛል፤ የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ሲሚንቶ ወይም ንጹሕ ፕላስቲክ ላይ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አትንኩት። «ይህችን አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ» ብሎ መቀሱን መልሶ ማውጣት ሁሉንም ያበላሻል።

የዕቃው ዝርዝር ላይም በትክክል ጻፉት። «ልዩ ልዩ የጓሮ ዕቃ» የሚል መስመር መርማሪን ያስጠረጥራል፤ እውነቱን ለመናገር መጠርጠሩም ተገቢ ነው። «አካፋ 1፣ መኮትኮቻ 2፣ መግረዣ መቀስ 1፣ ያገለገሉ፣ የታጠቡ» ማለት ይሻላል። ሁሉም በአንድ ሳጥን ይሁን፤ ሳጥኑ ደግሞ ኮንቴይነሩ በር አጠገብ ይቀመጥ። ለፍተሻ ሲፈለግ አልጋና ቁም ሣጥን ማውረድ አያስፈልግም። ሳጥኑን ከተገኘው ጣውላ በራሳችሁ እንዳትመቱ። ለዓለም አቀፍ ጭነት የሚያገለግል ጥሬ እንጨት ተባይ እንዳይሸከም የታከመ መሆን አለበት። የተለመደው ሕክምና እስከ እምብርቱ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ነው፤ የታከመው ማኅተም ይመታበታል። ካርቶን ወይም ፕላስቲክ ሳጥን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ወደ ማሽኖቹ ስንመጣ ሐሳቤ አጭር ነው፤ ተዉአቸው።

የሣር ማጨጃ ሆድ ውስጥ ገብቶ የደረቀ ሣር ለማጽዳት ከምንም በላይ አስቸጋሪ ነው። የቤንዚን ከሆነ ታንኩና ካርቡረተሩ ውስጥ ያለው ነዳጅ እስኪደርቅ ድረስ መውጣት አለበት፤ ሽታው ብቻ ቀርቶ እንኳ አጓጓዡ አልጭንም ሊል ይችላል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ዓለም ያለው 230 ቮልት ገደማ፣ 50 ሄርዝ ነው (ሄርዝ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚለካበት ነው)። አሜሪካና ካናዳ 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው። ጃፓን 100 ቮልት ሆኖ ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ሄርዝ ነው። ለ120 የተሠራ ማሽን 230 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ በተቃራኒው ደግሞ አቅም ያጣል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ሄርዙን አይቀይርም። 1500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ከባድ ነው፤ እርጥብ ሣር አጠገብ ይዞ መዞር ደግሞ አደጋ ነው። በባትሪ የሚሠሩት ላይ የቻርጀሩን ጽሑፍ አንብቡ። 100–240 ቮልት ካለ ይሠራል። ሊቲየም ባትሪ ግን በጭነት ሕግ አደገኛ ዕቃ ስለሆነ ብዙ አጓጓዦች አይቀበሉትም።

የውሃ ጎማም አትያዙ። የሰሜን አሜሪካ የጎማ ማያያዣ ላይ ያለው የሚጠመዘዝ ጥርስ በአንድ ኢንች 11.5 ነው፤ በብዙ ሌላ አገር 14 ነው። ቢገጥም እንኳ ያንጠባጥባል። ውስጡ የሚቀረው ውሃም ሌላ ጣጣ ነው። ፀረ ተባይ፣ ማዳበሪያና የጋዝ ሲሊንደር ከነአካቴው አይታሰቡም።

ከሁሉም የሚከብደው ተክሉን መተው ነው። ይገባኛል። ለዓመታት ያሳደጉት ጽጌረዳ እንደ አካፋ ተጠቅልሎ አይሄድም። የዕፅዋት ጤንነት ምስክር ወረቀት፣ የመግቢያ ፈቃድና አንዳንዴም የወራት ኳራንቲን ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይፈቀድም። በኪስ ተደብቆ የሚገባ ዘርና ቁራጭ ቅርንጫፍን ግን በምንም መልኩ አልደግፍም። ለምትወዱት ተክል የሚበጀው የሚንከባከበው ሰው ማግኘት ነው። ማሽኑንም ለዚያው ሰው ስጡት።

አሁን አጓጓዥ ድርጅቶችን አንድ ነገር ልጠይቅ። የዋጋ ግምት ሊያወጣ የሚመጣው ባለሙያ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ዞሮ ያያል። ጓሮውንም ይይ። በዚያው ቀን፣ ጭነቱ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሚሄዱበት አገር ያገለገለ የአትክልት መሣሪያ ላይ ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ። ሰው ጊዜ ካገኘ ያጸዳል። የሚቸገረው የመጫኛው ቀን ጠዋት ሲነገረው፣ ወይም ጭራሽ ሳይነገረው ሲቀር ነው። እነሱ ካላነሱት ደግሞ ደንበኛው ራሱ ያንሳው፤ ግምት አውጪው ከመውጣቱ በፊት «የጓሮ መጋዘንም አለኝ፣ እሱንም ይዩልኝ» ይበለው።