ይዤዋለሁ እኮ!

ዛሬ ትንሽ ልተንፍስ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ትዕግሥት የሌለው ይለፈኝ።

ትናንት አንድ የድሮ ጓደኛዬን ከነልጁ ላደርሰው መኪናዬ ውስጥ አስገባሁት። ልጁ ገና ዓመት አልፎት ነው፤ 10 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አባት ሆዬ ጋቢና ገባ። ልጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ፣ በሩን ዘጋ፣ ቀበቶውን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

«ኧረ ከኋላ ሁኑ» አልኩት።

«ይዤዋለሁ እኮ! አታካብድ።»

ይኼ ሰው ማን መሰላችሁ? ክፍላችን ውስጥ በፊዚክስ አንደኛ የነበረው ልጅ! እኛ ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ እሱ መልሱን ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት የሚቀመጥ። ከእሱ ወረቀት ላይ አይቼ ያለፍኩት ፈተናም አለ (ተማሪዎቼ ይኼን መስመር እንዳላነበባችሁ ቁጠሩት)። ዛሬ አስተማሪው እኔ ነኝ፤ እሱ ሌላ ሥራ ይዟል።

አሁን ለዚህ ሰው ወረቀት ሰጥቼ «10 ኪሎግራም የሚመዝን አካል በሰዓት 50 ኪሎሜትር ሲጓዝ ቆይቶ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም፣ ያቆመው ፎርስ ስንት ነው?» ብለው ዛሬም ሳያስብ ይሠራዋል። በሰዓት 50 ኪሎሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። ለ0.1 ሲካፈል 140። በ10 ሲባዛ 1,400 ኒውተን። አለቀ፤ ሁለት ጊዜ ይሰመርበት።

ይኼ ቁጥር በሰው ቋንቋ ምን ማለት ነው? ኩንታል ተኩል ሊሞላ 10 ኪሎ የቀረው ሸክም ነው። ያንን ሸክም፣ ሳይዘጋጅ፣ በዓይን ጥቅሻ ፍጥነት፣ በሁለት ክንዱ መያዝ አለበት። ያውም የራሱ አካል በዚያው ቅጽበት ወደ መስታወቱ እየበረረ። ቀበቶ የለውማ! በዚህ ፍጥነት ተጉዞ ከግድግዳ ጋር መጋጨት ከ10 ሜትር ከፍታ መውደቅ ማለት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ በሉት። ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ጠርዝ ላይ ልጁን ታቅፎ «ይዤዋለሁ እኮ» እያለ የሚቆም አባት አይቼ አላውቅም። መኪና ውስጥ ግን በየቀኑ አያለሁ።

ይኼን ሁሉ ነገርኩት። ምን አለ? «አሁን ደግሞ ሌክቸር ጀመርክ።»

ሞተሩን አጠፋሁ። «ካልተነሣህ አልነዳም» አልኩት። አኩርፎ ከኋላ ገባ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ እኔም አፈርኩ፤ መኪናዬ ውስጥ የልጅ ወንበር የለማ። ስሰብክ የነበርኩት ሰውዬ! ያለኝ አማራጭ አንድ ብቻ ነበር፤ ቀስ ብሎ መንዳት። ፍጥነትን በግማሽ ስትቀንሰው የግጭቱ ኢነርጂ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ስለዚህ በሰዓት 25 እየሄድኩ፣ ከኋላዬ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩንባ እየነፋብኝ፣ ግማሹ እየሰደበኝ አደረስኳቸው። የሰደቡኝ ሰዎችም እኮ ይኼን ቀመር ተምረዋል። ሁላችንም ተምረነዋል!

ሦስት ቦታ ላይ የሚያጠብቀው ቀበቶ የተሠራው በ1959 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ኒልስ ቦሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ለቮልቮ ሠራው፤ ኩባንያውም ሌሎች መኪና ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ከዚህ የቀለለ ፊዚክስ የለም። ፎርሱን ከደረትና ከዳሌ አጥንት ላይ በትኖ ያሳርፋል፤ የመቆሚያውንም ጊዜ በጥቂቱ ያራዝማል። ያቺ ጥቂት ጊዜ ናት ሕይወት። እኛ ግን ማንጠልጠያ አድርገነዋል። እንዳይጮህብን ከጀርባችን አዙረን የምንቆልፈውም አለን።

ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም።

መንገድ ላይ ኩርፊያው ቀለል ሲልለት ይኼው ጓደኛዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ግን እውነቱን ንገረኝ፣ ያ ሁሉ ፊዚክስ ምን ጠቀመን?» በእጁ ስልክ ይዟል። ስልኩ ደግሞ «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይላል።

ወንድሜ፣ ያ ቀኝ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከ20,000 ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው ያሉህ። በውስጣቸው የአቶም ሰዓት አለ። ስልክህ ያለህበትን የሚያውቀው ሲግናሉ ስንት ሰዓት ላይ እንደተነሣና ስንት ሰዓት ላይ እንደደረሰ አስልቶ ነው። ችግሩ ሰዓቶቹ ከእኛ ሰዓት ጋር እኩል አይሄዱም። ሳተላይቱ ስለሚፈጥን ሰዓቱ በቀን ወደ 7 ማይክሮሰከንድ ይዘገያል። የመሬት ስበት እዚያ ላይ ደከም ስለሚል ደግሞ ወደ 45 ማይክሮሰከንድ ይቀድማል። ሲጣፋ 38 ይቀራል። 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ምን ታመጣለች? ብርሃን በዚያች ጊዜ ከ11 ኪሎሜትር በላይ ይሄዳል። ማረሚያ ባይደረግለት ስህተቱ በየቀኑ በዚህ መጠን እየተጠራቀመ ይሄድ ነበር። ማረሚያው የተወሰደው አይንሽታይን በ1905 እና በ1915 ካወጣቸው ሁለት ሐሳቦች ነው። ያኔ «ይኼ ለምን ይጠቅማል?» ተብሎ ቢጠየቅ «አንድ ቀን መታጠፊያ ያሳይሃል» የሚል መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

«ምን ይሠራል?» የምትለዋ ጥያቄ ነች እኔን የምታቃጥለኝ። ብሎክና ፐርሰል የሚባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በ1946 የአቶም አስኳል በማግኔት ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ሲለኩ የማንንም ጭንቅላት ፎቶ ለማንሣት አልነበረም። ያ ልኬት ነው ከዓመታት በኋላ ኤምአርአይ የሆነው። ደግሞ እኮ መጀመሪያ ስሙ ውስጥ «ኒውክሌር» የሚል ቃል ነበረበት። ሕመምተኛ ይደነግጣል ተብሎ ወጣ። ማሽኑ ያው ነው። ማግኔት ነው፣ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዘመዶቼ ግን ኤምአርአይ ሲታዘዝላቸው «ጨረሩ አይጎዳኝም?» ብለው እኔ ጋ ይደውላሉ፤ በእውነት ሊጠነቀቁለት የሚገባው የኤክስሬይና የሲቲ ስካን ጨረር ሲሆን ማንም አይደውልም። ዋይፋይ የሚፈራው ሰው ቆዳው እስኪላጥ ፀሐይ ላይ ይተኛል። የዋይፋዩ ሞገድ እኮ ከፀሐይዋ ብርሃን ጋር ሲነጻጸር በጣም ደካማ ነው! እሺ፣ ይኼን ልተወው፤ ደሜ ይፈላል።

ቻርጀር ግን አልተውም። «ቻርጀሩን ንቀሉት፣ ቆጣሪ ይበላል!» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። በራሱ ልክ ነው፤ መንቀሉ አይከፋም። ግን ይኼን የሚለው ሰው ከጀርባው 2,000 ዋት ውሃ ማሞቂያ ለኩሶ ረስቶታል። ማሞቂያው በግማሽ ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። ሥራ የፈታ ቻርጀር አንድ አሥረኛ ዋት ቢወስድ ያንኑ ያህል ለመብላት 10,000 ሰዓት ያስፈልገዋል። ከዓመት በላይ ማለት ነው! ዋት ሲባዛ በሰዓት፤ ይኸው ነው ሒሳቡ። ሁላችንም ፈተና ላይ ሠርተነዋል። ነገሩ ቋንቋችንም አያግዘንም። ፎርሱንም ኃይል፣ ኢነርጂውንም ኃይል፣ ፓወሩንም ኃይል እንላለን፤ መብራትም ሲጠፋ «ኃይል ተቋረጠ» ነው። ተማሪው የትኛው ኃይል እንደሆነ በምን ይወቅ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ምክንያቱም ሌሊቱን እንቅልፍ የነሣኝ ጓደኛዬ አይደለም።

እኔ ምንድን ነው የማስተምረው? ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን። የተሰጠውን ጻፍ፣ የተጠየቀውን ጻፍ፣ ቀመሩ ውስጥ ክተት። አካሉ ሁልጊዜ «አንድ አካል» ነው። ስም የለው፣ እናት የለው፣ ጭን ላይ አይቀመጥ። ሰበቃ ይረሳል፣ የአየር ተቃውሞ ይረሳል፣ ሁሉም ነገር ይረሳል። በመጨረሻ ተማሪውም ይረሳዋል። ጓደኛዬ የዚህ ትምህርት ምርጥ ውጤት ነው። አንደኛ የወጣው እሱ ነዋ!

ይኼ የእኔ ግኝት አይደለም፤ ተጠንቷል። ሃርቫርድ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ራሱን ጎበዝ አስተማሪ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ተማሪዎቹም ከባድ ከባድ ችግሮችን ይፈቱ ነበር። ከዚያ በ1990 ገደማ ስሌት የሌለበት፣ የገባቸውን ብቻ የሚመዝን ፈተና ሰጣቸው። ከባድ መኪናና ትንሽ መኪና ቢጋጩ ማን በማን ላይ የበለጠ ፎርስ ያሳርፋል የሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። መልሱ እኩል ነው፤ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ። ሕጉን ማንም በቃሉ ይወጣዋል። «ከባዱ መኪና» ብሎ የሚመልሰው ግን ብዙ ነው። አንዷ የማዙር ተማሪ ምን ብላ ጠየቀችው መሰላችሁ? አንተ ባስተማርከን ነው የምመልሰው ወይስ ራሴ በማስበው? ይኼን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ጭንቅላቷ ውስጥ ሁለት ዓለም አለ፤ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለኑሮ።

ሪቻርድ ሄክ የሚባል የፊዚክስ ፕሮፌሰር ደግሞ በ1998 ባወጣው ጥናት 62 የፊዚክስ ኮርሶችን፣ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን አነጻጸረ። አስተማሪው እያወራ ተማሪው በሚጽፍበት ክፍል፣ ተማሪዎች መጀመሪያ ከማያውቁት ውስጥ የጨበጡት በአማካይ ሩብ እንኳ አይሞላም፤ 23 በመቶ። እርስ በርስ እየተከራከሩ፣ እየገመቱ፣ እየሞከሩ በተማሩበት ክፍል 48 በመቶ። በእጥፍ! የሚያስፈልገው ደግሞ ውድ ላቦራቶሪ አይደለም። ጥያቄ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። እኛ አስተማሪዎች የማንችለው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ነው። እኔ ራሴ ይኼን ጥናት ካወቅሁት ዓመታት አልፈዋል። ክፍል ስገባ ግን ሲላበሱ ያሳድደኛል፣ ጠመኔ አነሣለሁ፣ ጊቭን እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ግን ጠመኔ አላነሣሁም። «10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ ጋቢና፣ አባቱ ጭን ላይ፣ በሰዓት 50። ይይዘዋል አይይዘውም? እጅ አውጡ» አልኳቸው። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ «ይይዘዋል» አለ። ተከራከሩ ብዬ ዝም አልኩ። መጀመሪያ ተሳሳቁ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «አባቱ ጡንቻማ ከሆነስ?» አለ። አንዲት ልጅ ተነሥታ ሒሳቡን ሠራችና ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። «ቲቸር፣ እኔ ታናሽ ወንድሜን እንደዚህ ነው የምይዘው» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። በአስተማሪነቴ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ወዲያው ከፊት ወንበር አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ይመጣል» አልኩ። እስክሪብቶ ሁሉ ተነሣ።

ፈተናውን ግን የማወጣው እኔ ብቻ አይደለሁም። አሁን እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ ብዬ «አንድ አካል» የሚለውን እየሰረዝኩ «አንድ ሕፃን» እያልኩ እጽፋለሁ። ነገ የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» መባሌ አይቀርም። ጓደኛዬም እስካሁን አልደወለም።