«በጥቂት ቦታዎች» የት ነው?

ሰሞኑን በጎንደር ዙሪያ በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ብርቱ ነፋስ ለምን በሰው ላይ ድንገት እንደደረሰ የተጠየቁ አንድ የአየር ትንበያ ባለሙያ በቴሌቪዥን የሰጡት መልስ እስካሁን ያናድደኛል። ትንበያው አልተሳሳተም፤ በሦስት ቀናት ውስጥ በጎንደር ዞኖች በጥቂት ቦታዎች ነጎድጓዳማ ዝናብ እንደሚኖር ተነግሮ ነበር አሉ።

እንዴት ብሎ ይሳሳታል? ነፍሰ ጡሯን «ወንድ ወይም ሴት ትወልጃለሽ» ያላት ጠንቋይም ተሳስቶ አያውቅም።

«የጎንደር ዞኖች» ማለት እኮ አንድ መንደር ማለት አይደለም። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ። በሚያዝያ የመተማው ሰው ከ40 ዲግሪ ሙቀት ጋር ሲታገል ደባርቅ ላይ ጋቢ ይደረባል። ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ «በጥቂት ቦታዎች» ማለት ለማን የተነገረ ነው? በመስኖ ያለማውን ሽንኩርት ነቅሎ ማሳ ላይ ለከመረው የደምቢያ ገበሬ? ቀሃ ወንዝ ዳር ልብስ ለምታጥበው ልጅ? እሷ ራስ ላይ ጠብታ ሳይወድቅ፣ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርስባታል። ሜዳ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርሰውስ መብረቁን በየትኛው «ጥቂት ቦታ» ይጠብቀው?

በዚህ ወቅት የሚነሳ ደመና ጥቂት ኪሎ ሜትር ሸፍኖ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አብጦ፣ ዘንቦ ይበተናል፤ የሚወርድበትን ቀበሌ ከሁለት ቀን በፊት ማንም አያውቅም። ይህን አልክድም። ሰዓቱን ግን ማን ከለከላቸው? ፀሐይ መሬቱን ስታግል ውላ፣ እርጥቡ አየር ተራራውን ታክኮ ሲወጣ፣ ነጎድጓዱ የሚበዛው ከቀትር በኋላ፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቆላውን ከደጋው ለይቶ፣ ሰዓቱን ጠቅሶ፣ በረዶና ነፋስ ካለ ያንኑ ማስቀደም ምን ይከብዳል? ደመናው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሬዲዮ አለ፣ የስልክ መልእክት አለ። ለሎተሪ ማስታወቂያ ሲሆን በቀን ሦስቴ ይደርሰናል።

ባለሙያው አካባቢው በልግ አምራች አለመሆኑንም ጨመሩ። አዎ፣ ዋናው ዝናባችን የክረምቱ ነው። በረዶ ግን የሰብል ወቅት ጠይቆ አይወርድም። ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለውን ዘመን አባቶቻችን «ጸደይ» ብለው ለብቻው የቆጠሩት ባዶ ጊዜ ስለሆነ አይመስለኝም።

ይህን ስጽፍ በአዘዞ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ትንበያው ዛሬም «በጥቂት ቦታዎች» ይላል። ጎረቤቴ ግን ያሰጣችውን በርበሬ ሰብስባ አስገብታለች።