«አልፈልግም» የምንለው ስንት ጊዜ ነው?

ጅማ መርካቶ አካባቢ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ የውጭ ዜና የሚከፍት ሰው ብዙ ጊዜ ከዜናው በፊት የኩኪ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ኩኪ ድረ ገጽ ጎብኚውን ለማስታወስ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ ፋይል ናት። «እቀበላለሁ» የሚለው ቁልፍ ትልቅና ደማቅ ነው፤ «አልቀበልም» አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተደብቋል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ሒሳቡ በደቂቃ እየቆጠረበት ያለ ሰው የቱን እንደሚጫን መገመት አያቅትም።

ጉዱ ግን እምቢታችንም የሚቀመጠው በኩኪ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ኩኪዎች በተሰረዙ ቁጥር፣ ወይም ገጹ በኢንኮግኒቶ (ሲዘጋ ኩኪዎቹን በሚያጠፋ መስኮት) በተከፈተ ቁጥር እምቢታው አብሮ ይጠፋና ጥያቄው እንደ አዲስ ይመጣል። የሚጠነቀቅ ሰው ከማይጠነቀቀው ይበልጥ ይነዘነዛል። ምርጫው መቀመጥ ያለበት ድረ ገጽ የምንከፍትበት ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ ላይ ነው፤ አንዴ ይወሰን፣ ለሁሉም ይነገር።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. የቀረበው «ዱ ኖት ትራክ» (አትከታተሉኝ) ይህንኑ ሞክሮ ነበር፤ ድረ ገጾች እንዲያከብሩት የሚያስገድዳቸው ስላልነበረ ናቁት፣ ደረጃውን ያዘጋጅ የነበረው ቡድንም በ2019 ተዘጋ። በ2020 የመጣው «ግሎባል ፕራይቬሲ ኮንትሮል» በአሠራሩ ብዙም አይለይም፤ ብሮውዘሩ ገጹን ሲጠይቅ «1» የሚል ምልክት ያያይዛል፣ መረጃዬን አትሽጡ፣ አታጋሩ ለማለት። ለውጡ ሕግ ከኋላው መቆሙ ነው። የመዋቢያ ዕቃ ሻጩ ሴፎራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምልክቱን ባለማክበሩ ጭምር ተከሶ በ2022 1.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ይህ ምልክት እንደ ግልጽ እምቢታ እንዲቆጠር በመመሪያ ይደንግግ። የሚጠየቀው ጥያቄም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን፤ ያልተረዱትን መጫን ፈቃድ አይባልም።

እስከዚያው ፋየርፎክስ የሚጠቀም ሰው ሴቲንግስ ውስጥ ግላዊነትና ደኅንነት በሚለው ክፍል ድረ ገጾች መረጃውን እንዳይሸጡና እንዳያጋሩ የሚነግረውን ሳጥን ምልክት ያድርግበት። ክሮም ይህ ምርጫ አብሮት አይመጣም። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሦስቱን ነጥቦች፣ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን (ከከፈትነው ገጽ ውጭ ያሉ ሌሎች ድረ ገጾች የሚያስቀምጧቸውን) ገብቶ መዝጋት ይቻላል። አንዳንድ መግቢያ ገጽ ወይም በሌላ ገጽ ውስጥ የተሰካ ቪዲዮ እምቢ ካለ ሁሉንም መልሶ መክፈት አያስፈልግም፤ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ነክቶ ለዚያ ገጽ ብቻ መፍቀድ ይበቃል። ካፌ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ ከአካውንት ሳይወጡ ለተነሱ ሰዎች አይረዳም፤ ታቡን መዝጋት መውጣት አይደለም።