እንኳን ጨረሳችሁ!

እንኳን ጨረሳችሁ! ከመጀመሪያው ሲዝን ተነስታችሁ፣ ስንቱን ጋላክሲ አቋርጣችሁ፣ የመጨረሻው ክፍል የመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ በሰላም ለደረሳችሁ ለእናንተ ለጨራሾች ይህችን ምስጋና ሳቀርብ ደስታዬ ወደር የለውም። በዓለም ላይ ብዙ ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ያክማል፣ አንዱ ይገነባል። እናንተ ደግሞ ረጅም የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ትጨርሳላችሁ። ጨርሳችሁም ዝም አትሉም። ዕድሜ ይስጣችሁ! ዝም ብትሉማ እኛ ምን ይውጠን ነበር?

መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ላድንቅ። መርከቧ ከዓይን ራቀች። ሙዚቃው ገባ። የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ ገና መብራት የያዘው ሰውዬ ጋ እንኳን አልደረሰም። የጨራሹ አውራ ጣት ግን ሥራዋን ጨርሳለች። «ጨረስኩት። ጊዜዬን ነው የበላው።» በቃ። ሰባት ዓመት ሲጻፍ፣ ሲቀረጽ፣ ሲቆረጥ ሲቀጠል የኖረ ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ፋይሉ ተዘጋ። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ቢሠሩ ቀጠሮ የሚባል ነገር ድሮ ቀርቶ ነበር። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የሚሉ ምቀኞች አሉ። ይበሉ። ቀንድም ቢሆን ቀድሞ መንከስ ቀላል ነው እንዴ?

«ጊዜዬን በላው» የምትለዋን ደግሞ ሒሳብ ሠርቼ ነው በደንብ የገባችኝ። ስታርጌት ኤስጂ 1ን እንውሰድ። ከ1997 እስከ 2007 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) 10 ሲዝን፣ 214 ክፍል። አንዱን ክፍል በ44 ደቂቃ ብንመታው 157 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ሳይተኙ፣ ሳይነሱ፣ ስልክ ሳያነሱ ስድስት ቀን ተኩል ማለት ነው። እንግዲህ 157 ሰዓት ሙሉ ተመቻችቶ ተቀምጦ በ158ኛው ሰዓት «ተታለልኩ» ለማለት ምን ያህል የዋህ ልብ እንደሚጠይቅ አስቡት። ማንም አላሰረውም። ማንም በር አልቆለፈበትም። «ቀጣዩ ክፍል» የሚለውን ራሱ ነው የተጫነው፣ 213 ጊዜ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት የእሱ ጉዳይ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ድስት ጥዶ ማልቀሱን ነው፣ ለቅሶውን ደግሞ ያውቅበታል።

ከሁሉም ግን ልቤን የሚበላው «ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ እኮ ሞቷል» የሚለው ጨራሽ ነው። ተከታታዩ አሥር ሲዝን ነበረው። ከሦስተኛው በኋላ ሰባት ይቀራል። ሰባቱንም አየ። ሬሳ አቅፎ ሰባት ሲዝን የሚቀመጥ ታማኝ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? አንድ እንዲህ ያለ ወዳጅ አለኝ። እያየ ይሰድባል፣ እየሰደበ ያያል፣ አንድ ማታ ኔትወርክ ተቋርጦ ግማሽ ክፍል ቢያመልጠው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ፣ ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ያቺን የሚንቃትን ግማሽ አይቶ፣ ከዚያ ደግሞ እሷንም ሰድቧት ነው ወደ ሥራ የሄደው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው ይሉታል። ስም ማጥፋት ነው። እሱ መጀመሪያ ልሶ ነው የሰበረው።

ስለ ሎስት ካላነሳሁ ጨራሾች ይቀየሙኛል። አውሮፕላናቸው ደሴት ላይ ስለተከሰከሰ ሰዎች የሚተርከው ሎስት ከስድስት ሲዝን በኋላ በ2010 አለቀ። የዚያኑ ሌሊት አንድ ብያኔ ተወለደች፦ «ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር።» የዚህች ብያኔ ውበቷ ስህተት መሆኗ ነው። እዚያው መጨረሻው ክፍል ላይ የዋናው ሰውዬ አባት ልጁ ፊት ቆሞ፣ የደረሰብህ ሁሉ በእውነት የደረሰ ነው፣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሞታል፣ አንዳንዶቹ ካንተ በፊት ሞቱ፣ አንዳንዶቹ ካንተ ብዙ ቆይተው ሞቱ፣ እያለ ያስረዳዋል። (ስፖይለር ነው፣ መጨረሻውን ነገርከን የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ። ግን ከ2010 ወዲህ ምን ትሠሩ ነበር?) ከዚህ በላይ እንዴት ይብራራ? በሥዕል ነው? ችግሩ፣ ሰውዬው ይህንን ሲናገር ጨራሻችን እየሰማ አልነበረም፤ ምን ብዬ ልጻፍ እያለ እያሰበ ነበር።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ደስ ይላል። ጣቢያው ከስም ዝርዝሩ ጋር ባዶ የባሕር ዳርቻ ላይ የወደቀ የአውሮፕላን ስብርባሪ አሳየ። የታሪኩ አካል አልነበረም። ተመልካቹ ትንሽ ትንፋሽ ወስዶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ዜናው እንዲሻገር የተጨመረ ነው፣ ጣቢያው ራሱ በኋላ እንዲህ ብሎ አብራርቷል። ጨራሾች ግን ብድግ አሉ። «አያችሁ! ሰው የለም! ሁሉም ሞተዋል!» ትንፋሽ እንዲወስዱ የተሰጣቸውን ምስል ማስረጃ አድርገው አቀረቡት። እስከ ዛሬ ከዚህ አቋም ንቅንቅ ያላሉ ሰዎች አውቃለሁ። ማብራሪያ ቢሰጣቸው፣ ክፍሉን መልሰህ እየው ቢባሉ፣ «ያኔ አይቼዋለሁ» ነው መልሳቸው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዴመን ሊንደሎፍ በዚያ መጨረሻ ምክንያት ለዓመታት ሲሰደብ ኖሮ በ2013 ትዊተርን ተሰናብቶ ወጣ። ተሰደበ ብላችሁ አታዝኑ። ሥራውን በነፃ ነበር የሚያርሙለት።

እውነት ለመናገር አንዳንዱ መጨረሻ ያናድዳል። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ? ኳንተም ሊፕ ላይ አንድ ሳይንቲስት በጊዜ ውስጥ ከሰው ሰው እየዘለለ አምስት ሲዝን ሙሉ ቤቱን ሲፈልግ ከረመ። በ1993 ጥቁር ስክሪን መጣ። ዶክተር ሳም ቤኬት ወደ ቤቱ አልተመለሰም የሚል አንድ መስመር ተጻፈ። አለቀ። በዚያ ላይ ቤኬት የሚለው ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነው የተጻፈው። ሰውዬውን ቤቱ ባያደርሱት እንኳ ስሙን አስተካክለው አይቀብሩትም? እዚህ ላይ ጨራሽ ቢጮህ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

ግን ለሁሉም የሚጮኸው ያው አንድ ጩኸት ነው። መርከቧ ቤቷ ከደረሰች «ይሄማ ድሮም የታወቀ ነበር»። ካልደረሰች «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ያየሁት?»። ምስጢሩ ከተፈታ «ባይፈታ ይሻል ነበር»። ካልተፈታ «አጭበርባሪዎች፣ ድሮም መልሱን አያውቁትም»። ዋናው ከሞተ «ምን አድርጓቸው ገደሉት?»፣ ካልሞተ «ፈሩ»። ምን ቢጭኑበት አንድ ዓይነት ክብደት የሚያሳይ ሚዛን ማግኘት መታደል ነው።

«እኔ ብሆን ኖሮ» የሚለው ክፍል ቀጥሎ ይመጣል። እዚህ ላይ የተከታታይ ጸሐፊው ስትራዚንስኪ ያሳዝነኛል። ባቢሎን 5 የሚባለው ተከታታዩ 110 ክፍል አለው። 92ቱን የጻፈው እሱ ነው። ታሪኩን ገና ሲጀምረው ለአምስት ዓመት ነበር ያቀደው። አራተኛው ሲዝን ላይ ሊሰረዝ ይችላል ሲባል መጨረሻውን ቀድሞ ቀረጸው። አምስተኛው ሲፈቀድለት ደግሞ ያንን ክፍል መልሶ አስቀመጠው፤ የወጣው በ1998 ነው። ምን አለፋው? አንድ ጨራሽ ቢያማክር ኖሮ እኮ አምስቱ ዓመት ሻወር ተወስዶ እስኪወጣ ድረስ ያልቅለት ነበር። የጨራሾችን የተሻለ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፣ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ሁሉም ነገር ሕልም ነበር፣ ወይ ሁሉም ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ሦስተኛ አልሰማሁም።

ሁለተኛው በነገራችን ላይ ተሞክሯል። በ2005 ስታር ትሬክ ኢንተርፕራይዝ ሲያልቅ፣ አራት ሲዝን የተከተልናቸው ሰዎች መጨረሻ ከሌላ ተከታታይ የመጣ መኮንን መርከቡ ላይ ኮምፒውተር ምስል የሚፈጥርበት አዳራሽ ውስጥ ገብቶ የሚያየው ታሪክ ሆኖ ቀረበ። ኮምፒውተር ውስጥ! ልክ እንዳላችሁት! ያኔ ጨራሾች ምን አሉ መሰላችሁ? እንደዚያ ዓይነት ንቀት አይተን አናውቅም አሉ። ሐሳቡ የሚያምረው በራስ አፍ ሲነገር ብቻ ነው ማለት ነው። ይህንንም ከእናንተ ተማርኩ።

«አልነግርህም» ባዮችንም ማመስገን አለብኝ። እነዚህ ጨዋ ጨራሾች ናቸው። መጨረሻውን በፍጹም አይነግሩህም። «ራስህ እየው፣ አላበላሽብህም» ይሉሃል። ትንሽ ዝም ይሉና፣ «ብቻ ካፒቴኗን ብዙ አትውደዳት።» አመሰግናለሁ ወንድሜ። «ስንተኛው ላይ ነህ? ስምንተኛው? እ... እሺ» ብሎ በሐዘኔታ የሚያይህም አለ። ዘጠነኛውን እንዴት አድርጌ ነው ከዚህ በኋላ የማየው?

መጨረሻ ሲነፈጉማ አታድርስ ነው። ፋርስኬፕ በ2003 ነገሩ በተንጠለጠለበት ሲቋረጥ ወዳጆቹ ጻፉ፣ ደወሉ፣ ተሟገቱ። በ2004 መዝጊያ ተሠራለት። እዚህ ላይ ሽሙጤን ላፍታ ላስቀምጠው፣ ያ እውነተኛ ሥራ ነበር። አነሳሁት ተመልሼ፦ ኤክስ ፋይልስ በ2002 አለቀ፣ ጨራሾች ተከፉ። በ2016 ተመለሰ። በ2018 እንደገና አለቀ፣ እንደገና ተከፉ። በአንድ ተከታታይ ሁለት ጊዜ መከፋት የሚደርሰው ስንቱ ሰው ነው?

እኔም በአቅሜ ከእናንተ ተራ ለመሰለፍ ሞክሬአለሁ። ያየሁት ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጀነሬሽንን ነው፣ ከ1987 እስከ 1994 የተላለፈውን፣ ሰባቱንም ሲዝን። ወራት ፈጀብኝ። አንድ ሌሊት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደረስኩ። የመጨረሻው ክፍል ተጀመረ፣ ሄደ ሄደና ዋናው ጥያቄ በተንጠለጠለበት ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። ደሜ ፈላ። ሰባት ሲዝን ለዚህ? ስልኬን አነሳሁና ለጓደኞቼ በሙሉ ጻፍኩ። ረጅም ነበር። «ድፍረት» የሚል ቃል ነበረበት። «ለተመልካች ያላቸው ንቀት» የሚልም ነበረበት። ጸሐፊዎቹ ታሪክ መዝጋት እንደማይችሉ ገና ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ገብቶኝ እንደነበር አስረዳሁ (አልገባኝም ነበር)። እኔ ብሆን ኖሮ እንዴት እንደምዘጋው ጨመርኩ። ሕልም ነበር አልኩ። ላክሁና ተኛሁ፤ እንዲህ ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰው ተስማምቶልኛል። ሁለቱ «እኔም ያኔ ያልኩት ይሄንን ነው» ብለዋል። ከታች አንድ ጓደኛዬ አጭር ነገር ጽፎልኛል።

«ሁለተኛውን ክፍል አየኸው?»

ለካ መጨረሻው መጀመሪያ ሲተላለፍ አንድ ረጅም ክፍል ነበር፣ በኋላ ነው ለሁለት የተከፈለው። እኔ 177ኛውን አይቼ ነው የፈረድኩት። 178ኛው እዚያው ተቀምጧል።

አሥራ አንድ ሰው ተስማምቶ ካደረ በኋላ ምን ይደረጋል? «አይቼዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ይብሳል» ብዬ መለስኩለት። 178ኛውን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ጥሩ ሆኖ ቢገኝስ?