የላቬንደሩ ጠርሙስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቡና ላይ የተነሣ ክርክር ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር) ያለባት ልጅ እናት፣ እህቷ ከውጭ አገር የላከችላትን የላቬንደር፣ ማለትም የአንድ መዓዛማ አበባ፣ ዘይት አወጣች። ልጅቱ እጅና እግሯ እየተገተረ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፤ አትናገርም።

ባልቴት ጎረቤቷ አሸተቱና፣ «ይህን ብለው ከባሕር ማዶ ላኩልሽ? ጓሮሽ ባሕር ዛፍ ሞልቶ፣ መንዝ በጦስኝ ተሸፍኖ! ቀቅለሽ አጥኚያት» አሉ።

መድኃኒት ቤት የሚሠራው ወጣት ደነገጠ። «እማማ፣ ልጅቱ እኮ የሚጥል በሽታም አለባት። የባሕር ዛፍ ዘይት ሊቀሰቅስባት ይችላል፤ ሕፃን ከዋጠው ደግሞ ጥቂቱም መርዝ ነው።»

«እኛ በምን አደግን ታዲያ?»

«እርስዎ እንፋሎቱ ሲያቃጥልዎ ፊትዎን ያዞራሉ። የእሷን አንገት ማን ያዞርላታል?»

ጡረተኛው መምህር ሁሉንም ናቁት። «በመዓዛማ ዘይት ማከምን አሮማቴራፒ ብሎ ስም ያወጣለት ጋትፎሴ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ በ1937 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሞበታል። ቤተሰቡ ሽቶ ነጋዴ ነበር። የሚሸጠውን የሚያማ ነጋዴ አይታችኋል?»

«ጋሼ፣ ያድናታል መቼ አልኩ? በዘይቱ ሳሻት ሰውነቷ ይላላል፤ ልብስ ማልበሱ ይቀለኛል።»

«ያላላው እጅሽ ነው። በኑግ ዘይትም ብታሻት ያው ነው።»

በዚህ መምህሩ እውነት አላቸው። ሽታ የተገተረ ጡንቻ እንደሚፈታ የሚያሳምን ማስረጃ የለም፤ መታሸቱ ግን ምቾት ይሰጣል። የተሳሳቱት ሽታውን ከንቱ ማለታቸው ላይ ነው። ለማትናገር ልጅ ማታ ማታ የሚመጣ አንድ ሽታ «የመኝታ ሰዓት ደረሰ» የሚል መልእክት ሊሆናት ይችላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ውስጥ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች ስኑዘለን የተባሉ ክፍሎች ሲዘጋጁ፣ ብርሃኑም፣ ድምፁም፣ ሽታውም የቀረበው ሰውየው ደስ ያለውን እንዲመርጥ ነበር እንጂ ሊታከምበት አልነበረም። እኛ ዘንድ አራት ሰው ሲከራከር ልጅቱን የጠየቀ አልተገኘም። ጠርሙሱን ራቅ አድርጎ ከፍቶ ፊቷን ማየት ይበቃ ነበር፤ ካኮማተረች ክዳኑ ይዘጋል፣ ነገሩም ያበቃል።

ከወደደችው እናቲቱ መጀመሪያ ሐኪሟን ታማክር። ከተፈቀደላትም ለአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሳይበረዝ ቆዳ ላይ የሚፈስ አይደለም። የሚጥል በሽታ ክኒኗም በሰዓቷ ትሰጣት። ባልቴቷ ደግሞ ጦስኛቸውን ለሻይ ያቆዩት።