ኤሪክሰንን መተቸት ይፈቀድልን

ክርስቲያን ኤሪክሰን በሴፕቴምበር 2025 ለጀርመኑ ቮልፍስቡርግ መፈረሙ ሲሰማ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያየኋቸው ዜናዎች በሙሉ አንድ ዓይነት ነበሩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ዝውውሩ፣ ሁለተኛው ሜዳ ላይ ልቡ ስለ ቆመበት ቀን። ሰውየው ያኔ 33 ዓመቱ ነበር። ለዴንማርክ ብሔራዊ ቡድን ከ140 ጊዜ በላይ ተሰልፏል፤ ከእሱ በላይ የተሰለፈ ዴንማርካዊ የለም። በኔዘርላንድና በጣሊያን የሊግ ዋንጫ በልቷል። ይህ ሁሉ ከአራተኛው አንቀጽ በታች ነው የሚገኘው፣ ያውም ከተገኘ።

እኔ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ፣ ለኃጢአቴ። በ2024/25 የውድድር ዘመን ጨዋታ በምናይበት ቤት ኤሪክሰን አማካይ ክፍል ላይ በእግሩ ያለችውን ኳስ አስነጥቆ ተቃራኒ ቡድን በመልሶ ማጥቃት ሲሮጥብን፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ «ይሄን ሽማግሌ አውጡልን!» ብሎ ጮኸ። ጎኑ የነበረ ሰው ወዲያው ገሠጸው፦ «ተው እንጂ፣ ከሞት የተነሣ ሰው እኮ ነው»። ልጁም አፍሮ ዝም አለ።

እኔ ግን ከልጁ ጋር ነበርኩ። የዚያን ቀን ኤሪክሰን ደክሞ ነበር፣ መውጣትም ነበረበት። ደግሞ አንድን ተጫዋች ሲጠፋ «ጠፋ» ማለት ካልተቻለ፣ ሲያምር «አማረ» ማለቱም ትርጉም አይኖረውም። ላለፉት ዓመታት ለኤሪክሰን የጨበጨብነው ስለ ኳሱ ይሁን ስለ ልቡ መለየት ያቃተን ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ኳሱ።

ኤሪክሰን በ1992 ሚድልፋርት በምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። ከዚያ ወደ ኦደንሴ ታዳጊ ቡድን ገባ። ገና ልጅ ሳለ ባርሴሎና፣ ቼልሲና ኤሲ ሚላን ጠርተው ሞክረውታል። እሱ ግን በ16 ዓመቱ የመረጠው የኔዘርላንዱን አያክስን ነው። ከትልቁ ስም ይልቅ ታዳጊን የማጫወት ልማድ ያለውን ክለብ መምረጡ፣ ለእኔ በሙያው ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ ብልኁ ነው። መንገዱን ደግሞ ሌሎች ዴንማርካውያን ጠርገውለታል፤ ሶረን ሌርቢና ፍራንክ አርነሰን በ1970ዎቹ፣ ጄስፐር ኦልሰንና ያን ሞልቢ በ1980ዎቹ አምስተርዳም ላይ ተጫውተዋል። ዴንማርክ ስድስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር ናት፤ ልጇን በጊዜ ትሸኘዋለች። ኤሪክሰን በአገሩ ሊግ በዋና ቡድን ደረጃ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ነው የወጣው።

አያክስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሲሆን የጨዋታው መሪ እሱ ነበር። በ2010 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዓለም ዋንጫው ተጫዋቾች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ ነበር። በ2013 ቶተንሃም ጋሬዝ ቤልን ለሪያል ማድሪድ ሸጦ በገንዘቡ ሰባት ተጫዋች ሲገዛ፣ ኤሪክሰን ከሰባቱ በርካሽ ከመጡት አንዱ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመውም እሱ። 305 ጨዋታ፣ 69 ግብ። ቁጥሩ ግን ነገሩን አይገልጸውም። ኤሪክሰን ኳስ ከመድረሷ በፊት ሁለት ጊዜ ዞሮ ያያል፤ ስትደርሰው ወዴት እንደምትሄድ ወስኖ ጨርሷል። ፈጣን ሆኖ አያውቅም። ፍጥነቱ ያለው ከእግሩ በምትወጣው ኳስ ላይ ነው። ጃንዋሪ 2018 በዌምብሌይ በእኛ በዩናይትድ ላይ ጨዋታው በተጀመረ በ11ኛው ሰከንድ ያገባትን ግብ ቁጭ ብዬ ሳልጨርስ ስላየኋት እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች። ከዚያ ሁለት ወር ተኩል በፊት ደብሊን ላይ አየርላንድን 5 ለ 1 ሲያሸንፉ ሦስት አግብቶ አገሩን ለዓለም ዋንጫ አብቅቷታል።

ታዲያ ይህ ሰው ሲተች ኖሯል። በትልቅ ጨዋታ ይደበቃል ይባል ነበር፣ አንዳንዴም እውነት ነበር። በ2019 ማድሪድ ላይ ቶተንሃም በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በሊቨርፑል 2 ለ 0 ሲሸነፍ ኤሪክሰንን ፈልገን አላገኘነውም። በዚያው ሰሞን «አዲስ ነገር መሞከር እፈልጋለሁ» የሚል ነገር ተናግሮ ደጋፊው ቂም ያዘበት፤ ግማሽ ዓመት በልቡ ሄዶ በእግሩ ቆየ። ውሉ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው በጃንዋሪ 2020 ወደ ኢንተር ሚላን ተሸጠ። አሰልጣኙ አንቶኒዮ ኮንቴ ደግሞ የት እንደሚያጫውተው አላወቀም ነበር። ኤሪክሰንን በመጨረሻ ደቂቃ ላይ ማስገባት የጣሊያን ጋዜጦች መቀለጃ ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አልፎ፣ ጃንዋሪ 2021 በኮፓ ኢታሊያ (የጣሊያን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ሩብ ፍጻሜ ከኤሲ ሚላን ጋር 1 ለ 1 እያሉ በ97ኛው ደቂቃ ቅጣት ምት መታ፤ ገባች። ከዚያ ወዲያ ኮንቴ ወደ ኋላ አውርዶ አማካይ ላይ አቆመው፣ ኢንተርም ከ11 ዓመት በኋላ ስኩዴቶውን፣ የጣሊያንን የሊግ ዋንጫ፣ ወሰደ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ልቡ ከቆመባት ቀን፣ ከጁን 12፣ 2021 በፊት ያለው ታሪክ ብቻውን ሙሉ የሆነ የአንድ ሰው ሙያ መሆኑን ለማሳየት ነው። ውጣ ውረድ ያለበት፣ ቂም ያለበት፣ መካስ ያለበት።

ኮፐንሃገን፣ ፓርከን ስታዲየም፣ ዴንማርክ ከፊንላንድ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል። ከእጅ ውርወራ የመጣች ኳስ ጉልበቱን ነክታ አለፈች፣ እሱ በግንባሩ ወደቀ። እንግሊዛዊው ዳኛ አንቶኒ ቴይለር ወዲያው ሐኪም ጠራ፤ አምበሉ ሲሞን ኬር ጓደኞቹን በዙሪያው አቁሞ ከካሜራ ጋረደው። የቀረውን ሁላችንም አይተናል፤ ማየት ያልነበረብንንም ጭምር። ተጫዋቾቹ በዚያው ምሽት ተመልሰው እንዲጫወቱ መደረጉን እስከ ዛሬ ነውር እለዋለሁ። ምርጫ ተሰጥቷቸዋል ይባላል፤ ምርጫው ግን ዛሬ ማታ ወይስ ነገ እኩለ ቀን የሚል ነበር።

ከዚያ በኋላ በሚመጣው ክፍል ላይ ብዙ ሰው ጣሊያንን ይሰድባል። ኤሪክሰን ደረቱ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ተተከለለት፤ የልቡ ምት ሲዛባ በኤሌክትሪክ የምትመልስ። የጣሊያን የስፖርት ሕክምና ደንብ ይህ መሣሪያ ያለበት ሰው በዋናው የአገሪቱ ሊግ፣ በሴሪ ኤ፣ እንዲጫወት አይፈቅድም። ኢንተር በዲሴምበር 2021 ውሉን በስምምነት አፈረሰ። «ሻምፒዮን ያደረጋቸውን ሰው አባረሩት» ተባለ።

እኔ ስድቡ አይታየኝም። ጣሊያን ከ1982 ጀምሮ ተወዳዳሪ ስፖርተኛ ሁሉ ልቡን ሳይመረመር እንዳይጫወት በሕግ ደንግጋለች። የቬኔቶ ክልል ሐኪሞች ለ25 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በሚመረመሩ ወጣት ስፖርተኞች ላይ ድንገተኛ የልብ ሞት ወደ 90 በመቶ በሚጠጋ መቀነሱን ጽፈዋል። ደንቡ ለኤሪክሰን ብቻ የወጣም አይደለም። ዲሴምበር 2024 ፍሎረንስ ላይ የወደቀው ጣሊያናዊው ኤዶአርዶ ቦቬም ያንኑ መሣሪያ ሲተከልለት ያው በር ተዘግቶበታል። ያም ሆኖ ምርመራ የማያስቀረው ነገር አለ፤ የፊዮረንቲናው አምበል ዳቪዴ አስቶሪ በዚያው ጥብቅ አገር በ2018 ሆቴል ውስጥ ተኝቶ አልነቃም።

የኔዘርላንድና የእንግሊዝ መንገድ ሌላ ነው። ሐኪም ያስረዳል፣ ተጫዋቹ ይወስናል። ዳሌይ ብሊንድ፣ የኤሪክሰን የአያክስ ጓደኛ፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ተጫውቷል። በ2020 በአንድ የወዳጅነት ጨዋታ መሣሪያው ነዝሮት መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ተነሥቶ በእግሩ ወጣ፣ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ተጫወተ። የሚፈራው ነገር ደረሰ፤ መሣሪያውም የተተከለበትን ሥራ ሠራ። እዚህ ላይ እኔ ከእንግሊዝ ጋር ነኝ። ልቡ የራሱ ነው፣ አደጋውን ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ከሐኪሞቹ ጋር መክሯል። ሕግ ለ17 ዓመት ልጅ ሊወስን ይችላል፤ ለ30 ዓመት አባወራ ግን ማስረዳት እንጂ መከልከል አይመስለኝም።

የእንግሊዙ ብሬንትፎርድ በጃንዋሪ 2022 የስድስት ወር ውል ሰጠው። አሰልጣኙ ቶማስ ፍራንክ በዴንማርክ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ያውቀዋል። ፌብሩዋሪ 26 ከኒውካስል ጋር ሲገባ የወጣለት ማቲያስ የንሰን ነበር፤ ፓርከን ላይ በቃሬዛ ሲወጣ የተካውም ያው የንሰን። ከወር በኋላ ለብሔራዊ ቡድኑ አምስተርዳም ላይ በገባ በሁለት ደቂቃ አገባ። ሰው አለቀሰ፣ እኔም ጭምር። እሺ፣ ይገባል።

ግን ልቅሶው አንድ ቦታ ላይ ማቆም ነበረበት። ዩናይትድ በዚያው ክረምት ሲያመጣው ያመጣው አዝኖለት አይደለም፤ ከኋላ ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያሻግር አማካይ ስላልነበረው ነው። ከካሴሚሮ ጋር እስከ ጃንዋሪ ድረስ ቡድኑን ቡድን አስመስለውት ነበር። ከዚያ የሬዲንጉ አንዲ ካሮል ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገባበት፣ ለወራት ወጣ። ሲመለስ ያ እግር አልተመለሰም። በሁለት አማካይ በሚጫወት ቡድን ውስጥ ተጋጣሚ በሮጠ ቁጥር ከኋላ ይቀር ነበር፤ ወጣቱ አማካይ ኮቢ ማይኑ ብቅ ሲል ወንበር ላይ መቀመጡ ትክክል ነበር። አሰልጣኙ ሩበን አሞሪም ሲመጣማ ለእሱ የሚሆን ቦታ ጭራሹን አልነበረም። ይህን መጻፍ ጭካኔ አይደለም። ልብ የሌላቸው ሰዎች የሚሉት ነገርም አይደለም። 32 ዓመት የሞላው አማካይ ሁሉ የሚባለው ነው፣ ኤሪክሰንም እንደ ማንኛውም አማካይ ሊጫወት ነው የተመለሰው።

በዩሮ 2024 ስቱትጋርት ላይ ስሎቬኒያ ላይ ያገባትን ግብ ሁሉም «ከ1,100 ቀን በኋላ» ብሎ ነው የዘገባት። ግቧን ግን ደግማችሁ እዩዋት። ከእጅ ውርወራ የመጣችውን ኳስ ዮናስ ቪንድ ገፋ አድርጎ ሲያሳልፍለት፣ ኤሪክሰን ተከላካዩ ሳያየው ከኋላው ገብቶ ቆሟል። በደረቱ አወረዳት፣ ሁለተኛ ሳይነካት መታት። አያክስ ላይ የ18 ዓመት ልጅ ሆኖ ይገባ የነበረው ያው ሰዓቱን የጠበቀ አገባብ ነው፤ ቀኑን መቁጠር ምንም አይጨምርላትም።

ከዚያ ወደ ቮልፍስቡርግ ሄደ፣ እስከ 2027 በሚል ውል። ቡንደስሊጋ፣ የጀርመን ዋናው ሊግ፣ ሩጫ የሚበዛበት ነው፣ ኳስ በጠፋች ቁጥር ሃያ ሜትር ወደ ኋላ ያስሮጣል። አጠገቡ የሚሮጥለት ሰው ካላቆሙለት በ60ኛው ደቂቃ ላይ ሜዳው ይሰፋበታል። ማዕዘን ምት ላይ ግን አሁንም ከእሱ የተሻለ የሚመታ ብዙ አላይም፤ የመጀመሪያው ተከላካይ ላይ ካላጋጫት በቀር፣ እሷን ነገር ቶተንሃም እያለም አልተዋትም።